ክዳኑ ላይ ያለው ቤተ መንግሥት

ውሸታም ብላ ጻፈችኝ። ስሜን በቅጡ መጥራት ያቃታት መርማሪ፣ በዕድሜ ከመጨረሻ ልጄ የምታንስ ሴት፣ በገዛ ሳሎኔ፣ በገዛ ሶፋዬ ላይ ተቀምጣ ውሸታም አለችኝ። ያስነገረችኝ ደግሞ በምራቴ አፍ ነው። ሁመይራ ስታስተረጉም ዓይኗን ከምንጣፉ አላነሳችም።

«ሴትየዋ መሞቷን እያወቁ ለሰው ሁሉ ታማለች ብለው ደውለዋል። ለምን ዋሹ ትላለች፣ እማማ።»

«መርዶ በስልክ አይነገርም በያት።»

አለቻት። መርማሪዋ ራሷን ነቀነቀች፤ አነቃነቋ ነገሩ የገባው ሰው ሳይሆን ሕፃን የሚያባብል ሰው ነው። ሰው መሪ ይዞ ደንግጦ እንዳይጋጭ፣ ብቻውን ወድቆ እንዳይጎዳ፣ «ትንሽ አሟታል፣ ወደ እኔ ቤት ኑ» ተብሎ ይጠራል። ሞቱን የሚሰማው በር ላይ ሲደርስ ነው፣ ትልቅ ሰው ክንዱን ይዞት። ወሎ ላይ እስላሙም ክርስቲያኑም እንዲህ ነው የሚያደርገው። ይህን ሁሉ ብነግራት እስክሪብቶዋ አልቆመም። እሷ የገባት ሌላ ነው፤ አሮጊቷ ልጇ እስኪሰወር ነገር ታጓትታለች።

ልጄ ሲራጁዲን የት ይሰወራል? እጃቸው ላይ ነው ያለው።

ነገሩ የጀመረው ቅዳሜ ጠዋት ፀጋዬ ሲደውል ነው። ፀጋዬ የሟቿ የየትምወርቅ የቀድሞ ባል ነው። ከተፋቱም ወዲህ በየሳምንቱ የምትኖርበት ሮውሌት ከተማ ድረስ እየሄደ የግቢዋን ሣር ያጭድ ነበር። ሣሩ ሰበብ ነው፤ በረንዳዋ ላይ የማን ጫማ እንዳለ ለማየት ነው። የዚያን ቀን በሩን ገርበብ ብሎ አገኘው። ሲገባ የትምወርቅ ከደረጃው ግርጌ ወድቃለች፣ አንገቷ ተሰብሯል። መጀመሪያ ለፖሊስ፣ ቀጥሎ ለእኛ ደወለ። ልጄ ታክሲውን አስነስቶ በረረ፤ በሄደበት ቀረ።

ክንዷ ላይ የጣት ምልክት ተገኘ። እግሯ አዳልጧት አይደለም፣ ሰው ይዞ ገፍቷታል። ዋዜማውን ከኤርፖርት ያመጣት ማን ነው? ሲራጁዲን። በሯ ላይ ሲጮህባት ጎረቤት የሰማው ማንን ነው? ሲራጁዲንን። ቴክሳስ ነፍሰ ገዳይን በመርፌ እንደምትገድል ቤቴ የሚመጣ ታክሲ ነጂ ሁሉ ሲያወራ ሰምቻለሁ። እንግዲህ መርፌው ልጄን እየጠበቀ እኔ ሶፋ ላይ ተቀምጬ ራሷን የምትነቀንቅ ሴት ማየት ነበረብኝ።

ለምን ጮኸባት? ስለ ቤተ መንግሥት።

የትምወርቅ ኤርፖርት ነው የምትሠራው፤ የአየር መንገድ ሠራተኛ ናት። አውሮፕላኑ ላይ ቦታ ከተረፈ በነፃ ትበራለች፤ አንዳንዴም አንድ ሰው አስከትላ እንድትሄድ ይፈቀድላታል። ያቺን ትርፍ ወንበር ማን እንደሚያገኛት የሚያውቋት ሴቶች ሁሉ አንገታቸውን አስግገው ይጠብቁ ነበር። አንዷ ኬክ ትወስድላታለች፣ ሌላዋ ፀጉሯን ትሠራታለች። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ጉልበቷ አይችልም ብለው ይሆናል፤ ጉልበቴን ማን አነጋገረው?

በመጨረሻ የመረጠቻት ምራቴን ሁመይራን ነው። ቪየና የሚባል ከተማ ሄደው የድሮ ነገሥታት ቤተ መንግሥት ሊያዩ። ሾንብሩን ነው ስሙ፣ ምላሴ ላይ አልቀመጥ ብሎኛል። ሲራጁዲን እንቢ አለ። የነዳጅ ዋጋ ሰማይ በነካበት በጋ እሱ ቀን ከሌት መሪ ላይ ተጣብቆ፣ ሚስቱ የነጭ ንጉሥ መኝታ ቤት ልትጎበኝ? ሁመይራ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። እስክትመለስ ድረስ ልጄ ምግብ በላ አልበላ አላውቅም። ሲመለሱ ኤርፖርት ሄዶ ጫናቸው፤ መንገዱን ሙሉ ቃል አልተነፈሰም። ሁመይራን እቤት አውርዶ የትምወርቅን ሮውሌት አደረሳት፤ ሻንጣዋን በር ላይ አስቀምጦ የሆዱን ሁሉ ዘረገፈባት። ተመልሶ ሰገደና ተኛ።

ቅናት ነው። ባል በሚስቱ ወዳጅ ይቀናል። የእኔ ልጅ ግን በምላሱ ነው የሚቀናው፣ እጁ የለበትም። ይህንንም ለመርማሪዋ ነገርኳት። እናቱ ናት ብላ ጻፈች መሰለኝ።

የትምወርቅ እዚህ አገር ዘመድ የላትም። ቤቷን ደግሞ ፖሊስ ዘግቶታል። ስለዚህ ለቅሶው እኔ ቤት ሆነ፣ ጋርላንድ። እኔው ነኝ ለሁሉም የደወልኩት፣ ሁሉንም ያልኩት «አሟታል» ነው። አገሬ የምትባለው ጎረቤቴ ብርቱካን በፌስታል ይዛ ተሻገረች፣ ልጣ ለበሽተኛዋ ልትጨምቅ። ከፎቁ በታች ያሉት አጥሚት በቴርሞስ ይዘው መጡ። ዓለምጌጥ ከኧርቪንግ እየነዳች ደረሰች፤ በፎጣ የተጠቀለለ ድስቷን ለአገሬ ስታስረክብ በር ላይ ክንዷን ይዤ ነገርኳት። ምንጣፉ ላይ ተዘረረች። ሦስት ሴቶች ናቸው ያነሷት።

ዓለምጌጥ የሟቿ አብሮ አደግ ናት፤ ደሴ አንድ ግቢ ውስጥ ነው ያደጉት። እዚያው ኧርቪንግ ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ አልጋ ታነጥፋለች። ከሁሉም በላይ እሷ አለቀሰች። ደረቷን እየመታች አንዲት ነገር ትደጋግማለች፤ «እንኳን ደህና መጣሽ ሳልላት። ከሄደች ወዲህ ድምጿን ሳልሰማ። ዓይኗን ሳላይ።» ሰው ሁሉ ከእሷ ጋር አነባ። ሰው ሲበዛ ብርቱካኑም፣ አጥሚቱም፣ ንፍሮውም በሳህን በሳህን ዞረ። እኔም ዘግኜ ቃምኩ።

የሲራጁዲን መያዝ ሲሰማ የቤቱ አየር ተለወጠ። ሴቶቹ ከሁመይራ ፈቀቅ ብለው ተቀመጡ። ዓለምጌጥ ተነሣች።

«ለቅሶው የእኔ ነው። ገዳይዋ በሚተኛበት ቤት አላለቅስላትም።»

«ገዳይዋ እዚህ ቤት መተኛቱን በምን አወቅሽ?» አልኳት።

ነጠላዋን ሰበሰበች። ግን አልሄደችም፤ ማንም ሌላ ከእሷ አስቀድሞ እንዳያለቅስ የፈራች ይመስል ከሟቿ ፎቶግራፍ አጠገብ ተመልሳ ተቀመጠች። ከሰዓት በኋላ ሙሾ አወጣች። ድምፅ አላት፣ አልክድም፤

«ሌላው በጫማ ሚፈራው፣ የንጉሥ አዳራሽ፣
በባዶ እግርሽ ረገጥሽው፣ ከልካይ ሳይኖርሽ።»

ሴቶቹ ተቀበሏት። ሁመይራ ብቻ ቀና ብላ አየቻትና መልሳ አቀረቀረች። ማቀርቀሯን አየሁና አለፍኩት። የልጄ ነገር ዓይኔን ጋርዶት ነበር።

የነቃሁት እሑድ ነው። ለሠልስት የሚሆን ንፍሮ ላዘጋጅ ስንዴ ለቅሜ፣ አጥቤ፣ ሰፊ ድስት ውስጥ ዘፈዘፍኩት። ሌሊቱን ካላደረ አይበስልም። ሳይዘፈዘፍ የተቀቀለ ስንዴ ጥርስ ይሰብራል። እጄ ውሃው ውስጥ እያለ ቅዳሜ የቃምኩት ንፍሮ ጣዕሙ አፌ ላይ መጣ። ስንዴው የፈካ፣ ሽንብራው የለሰለሰ፣ በደንብ የተዘፈዘፈ ንፍሮ። እጄን ሳላወጣ አገሬን ጠራኋት።

«ቅዳሜ ዓለምጌጥ ያስረከበችሽ ድስት ውስጥ ምን ነበር?»

«ንፍሮ ነዋ፣ እማማ። ትኩስ ነበር፣ ፎጣውን አልፎ እጄን ፈጀኝ።»

ለበሽተኛ ማን ንፍሮ ይወስዳል? ሁሉም ለታመመች ሰው የሚሆን ይዞ ሲመጣ አንዲቱ ለሞተች ሰው የሚሆን ይዛ መጣች። ለቅሶ ቤት ንፍሮ መኖሩ እንደ ወንበር ነው፤ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔም ራሴ በልቼዋለሁ።

ለመርማሪዋ ወዲያው ላስደውል ብዬ ተውኩት። ስለ ስንዴ ብነግራት ጭንቅላቷን ልትነቀንቅልኝ ነው። ሁመይራን ኩሽና አስገብቼ በሩን ዘጋሁ።

«ቤተ መንግሥቱ ውስጥ የሆነውን ንገሪኝ። ከበሩ ጀምረሽ።»

ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቋት ስለማያውቅ መጀመሪያ ግራ ገባት። ቀጥላ ግን ተከፈተላት። ሕንፃው እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ ነው። ክፍሉ ከሺህ በላይ ነው ተብለው ትንሹን ብቻ ነው ያዩት። ውስጥ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው፤ ያነሱት ሁሉ አትክልቱ ቦታ ነው። መስተዋት በመስተዋት የሆነ አዳራሽ አለ። በዚያ ሁሉ ወርቅ መሐል የኖረው ንጉሥ ሲሞት የሞተው በተራ የብረት አልጋ ላይ ነው።

«የትምወርቅስ ምን አደረገች?»

ሁመይራ ሳቅ አመለጣትና አፏን በሻሽዋ ሸፈነች። «አዲስ ጫማ አድርጋ ነበር፣ እማማ። ቆረጣት። ሶ፣ መስተዋቱ አዳራሽ ውስጥ አወለቀችው። በባዶ እግሯ እየተንቀባረረች ሄደች። ጥበቃው መጥቶ ተቆጣ። ጫማዋ የእኔ ቦርሳ ውስጥ ነበር፣ ማለቴ፣ በሳቅ ልንሞት ነበር።»

«ይህን ለማን አወራሽ?»

«ለማን አወራለሁ? ሲራጅ ገና ሳልናገር እንደተቆጣ ነው። መኪናው ውስጥም ዝም ብለን ነው የመጣነው። ከዚያ ደግሞ ሞተች።»

«ስጦታስ? ለማን ምን ገዛች?»

ከቤተ መንግሥቱ ሱቅ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ብቻ ገዝታለች፤ ክዳኑ ላይ ያ ቢጫ ሕንፃ ተሥሎበታል። ሁመይራ ለማን እንደሆነ ስትጠይቃት «ለዓለምጌጥ ነው፣ ታሪክ አለው» ብላ በልብሶቿ መሐል ጠቀለለችው።

ኧርቪንግ የሚያደርሰኝ ሰው ፈለግሁ። የተገኘው ፀጋዬ ነው። እሱም ከምጠረጥራቸው አንዱ ነውና ደስ አለኝ፤ መሪ የያዘ ሰው አምልጦ አይሄድም። ሀይዌዩ ላይ ገና ከመውጣታችን ራሱ ጀመረ።

«እማማ፣ እርስዎ ያውቁ ይሆናል። የትምወርቅ ከዚያ ከቪየና ለሥራ ጓደኞቿ ፎቶ በኢሜል ልካ አይቼዋለሁ። ሕንፃው ፊት ቆማ ትስቃለች። ከእኔ ጋር በኖረችበት ዘመን እንዲህ ስቃ አታውቅም። ፎቶውን ያነሳት ማን ነው?»

«ሁመይራ ናታ።»

«ሁመይራ ፎቶው ላይ የለችም እኮ።»

«አንተ ሰው፣ የምታነሳ ሰው ፎቶ ላይ ትታያለች እንዴ?»

 ፊቱን በእጁ ጠረገ። ይህ ሰው አልገደላትም አልኩ በልቤ። ዓርብ ማታ አግኝቷት ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚጠይቃት ይህንኑ ነበር፤ እሷም ካሜራዋን ከፍታ እሷና ሁመይራ የተነሱትን ፎቶ ታሳየው ነበር። እስካሁን የሚጠይቅ ቀናተኛ፣ መልሱን ያልሰማ ቀናተኛ ነው።

ፀጋዬ ፓርክ አድርጎ መኪናው ውስጥ ቀረ። ዓለምጌጥ በር ከፈተችልኝ፣ ጉልበቴን ልትስም አጎነበሰች። ክፍሏ ሆቴል የምታነጥፈውን አልጋ ይመስላል፣ አንዲት መጨማደድ የለችበትም። እንዴት አደርሽ፣ እህል ቀመስሽ ተባባልን። ስለ ልጄ አንድም ቃል አላነሳሁም። ዓይኔ ግን መደርደሪያው ላይ አረፈ። የብስኩት ቆርቆሮ፣ ክዳኑ ላይ ቢጫ ሕንፃ።

«ይሄ ነው እንዴ ያ ቤተ መንግሥት?»

ፊቷ በራ፤ ጥያቄው ያስደነግጣት እንደሁ ብዬ ነበር፣ አላስደነገጣትም። «እሱው ነው። የእናቴ የመርፌ ማስቀመጫ ነበር፣ ከደሴ ያመጣሁት። እኔና የትምወርቅ ልጅ ሆነን መስኮቶቹን እንካፈል ነበር። ይሄ የእኔ፣ ይሄ የአንቺ። ስናድግ አብረን ሄደን ከየመስኮታችን እጅ ልንነሣ ተማምለን ነበር።»

«ታዲያ ለምን ሁመይራን ወሰደቻት?»

«አላውቅም» አለች። ጥርሷ ሲገጥም ሰማሁት። «የእኔን መስኮት ለሰው ሰጠች።»

ክዳኑን አነሳሁት። መርፌ አለ፣ ክር አለ፣ ቁልፍ አለ። ጎንበስ ብዬ ሳሸተው የቅቤ ብስኩት ሸተተኝ። አንዲት ፍርፋሪ ከክሩ ሥር ተጣብቃለች። ደሴ ተገዝቶ፣ በእናትም በልጅም እጅ አርጅቶ፣ ባሕር የተሻገረ ቆርቆሮ ዛሬም ብስኩት ይሸታል? ክዳኑን መልሼ ገጠምኩና አላህ ያጽናሽ ብያት ወጣሁ።

ሰኞ ሠልስቱ ነው። ሁሉም እኔ ቤት ተሰበሰበ። መርማሪዋም ባስደወልኩላት መሠረት መጣች፤ ከአገሬ አጠገብ አንድ ወንበር ሰጠናት። ሁመይራን ከጎኗ አስቀምጬ የምናገረውን አንዲት ሳታጎድል አስተርጉሚ አልኳት።  ዓለምጌጥ ከፎቶግራፉ አጠገብ ነበረች።

ንፍሮዬን በሳህን አቀረብኩና ጀመርኩ። ቅዳሜ ጠዋት የትምወርቅ መሞቷን የምናውቀው እኔ፣ ልጄ፣ ሁመይራና ፀጋዬ ብቻ ነበርን። ለሁላችሁም የነገርኳችሁ ታመመች ብዬ ነው። አገሬ ብርቱካን አመጣች፣ እነዚያ አጥሚት አመጡ። አንዲት ሴት ግን ትኩስ ንፍሮ ይዛ መጣች። ደወልኩላት፣ ከኧርቪንግ ነድታ ደረሰች፤ አገሬ እንኳ ገና ብርቱካኗን ልጣ አልጨረሰችም። ዓርብ ማታ ያልተዘፈዘፈ ስንዴ ቅዳሜ ጠዋት እንዲያ አይፈካም።

«ሽንብራው የጣሳ ነበር፣ እማማ» አለች ዓለምጌጥ በቀስታ።

«ሽንብራውን ተይው። ስንዴውስ?»

ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። እንባዋን ጠረገች። «ሕልም አይቼ ነበር። ጥርሴ ሲወልቅ አየሁ። የሰው ሞት እንደሆነ ገባኝ። ተነሥቼ ዘፈዘፍኩ፣ ምን ላድርግ?»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዲት አሮጊት «ጥርስስ አይዋሽም» አለች። አየኋቸው፣ ሊያምኗት ነው። የጥርስ ሕልም ያላየ ማን አለ? ሁመይራ ስታስተረጉም መርማሪዋ እስክሪብቶዋን አቁማ እኔን ትመለከታለች።

«ይሁን» አልኩ። «ሕልምሽ ጫማዋን እንዳወለቀችም ነገረሽ?»



ቀጠልኩ። ዓለምጌጥ «ከሄደች ወዲህ ድምጿን ሳልሰማ፣ ዓይኗን ሳላይ» ብላ በሁላችን ፊት አልቅሳለች። በዚያው ቀን ሙሾ አወጣች፤ በባዶ እግርሽ የንጉሥ አዳራሽ ረገጥሽ አለች። ሁላችን ለማሞገስ የተባለ መሰለን። ነገር ግን የትምወርቅ በእውነት ጫማዋን አውልቃ ነበር። ያን የሚያውቁት ሁለት ሴቶች ናቸው። አንዷ ሞታለች። ሁለተኛዋ ሁመይራ ለማንም አልተናገረችም፤ ባሏ እንኳ አልሰማም። እንግዲህ ለዓለምጌጥ ያወራላት ማን ነው? የትምወርቅ ራሷ፣ ዓርብ ማታ፣ እቤቷ።

«ስጦታዋንም ያን ማታ ነው የሰጠችሽ» አልኳት። «የእናቴ ነው ያልሽኝ ቆርቆሮ ብስኩት ይሸታል።»

ሁመይራ ያን ቆርቆሮ ከቤተ መንግሥቱ ሱቅ ሲገዛ ማየቷን ለመርማሪዋ በራሷ አፍ ነገረቻት። መርማሪዋ ሻንጣው ውስጥ ብስኩትም ቆርቆሮም እንዳልተገኘ አረጋገጠች። ልጄ የትምወርቅን በር ላይ ጥሏት ነው የተመለሰው፤ ሻንጣ አልከፈተም። ሻንጣው ተከፍቶ ስጦታው የተሰጠው እሱ ከሄደ በኋላ ነው።

ዓለምጌጥ ፎቶግራፉን አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ስትናገር ለእኛ አልመሰለኝም።

«ሳትጠራኝ ነው የሄድኩት። ይቅር ልላት ነበር የሄድኩት። ፎቁ ላይ ወጥተን ሻንጣዋን ከፈተች። ሁመይራ እንዲህ ሳቀች፣ ሁመይራ እንዲህ አለች፣ ጫማዬን ሁመይራ ያዘችልኝ። ቤተ መንግሥቱን ለእሷ አሳየችና ለእኔ ክዳኑን አመጣችልኝ። መስኮትሽን አየሁልሽ አለችኝ። አየሁልሽ። ደረጃው ጫፍ ላይ ክንዷን ያዝኩ። እየሳቀች ነበር።»

«ገፋሻት?» አልኳት።

«ገፋኋት።»

ፀጋዬ ከወንበሩ ተነሥቶ ግድግዳውን ይዞ ቆመ። አገሬ ሳህኑን ከፊቷ ገፋችው።

«ንፍሮውንስ?» አልኳት። ይህን ማወቅ ፈልጌ ነበር፤ እስካሁንም ከልቤ አልወጣም።

ዓለምጌጥ በመገረም አየችኝ። «ታዲያ ለለቅሶዋ ባዶ እጄን ልምጣ? ደሴ ያሉት ምን ይሉኛል? ቤቴ ተመልሼ ስንዴውን ዘፈዘፍኩ። ስልክ እስኪደወልልኝ ጠበቅኩ። ከእኔ በፊት ማንም ንፍሮ እንዳያመጣላት።»

መርማሪዋ ስታስነሣት አልታገለችም። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ለሁሉም እጅ ነሥታ ወጣች።  አንዲት አሮጊት ለሁለቱም ማልቀስ ጀመረች፣ ሌሎቹም ተቀበሏት። አልከለከልኳቸውም።

ሲራጁዲን በማግስቱ ተፈታ። ፂሙ አድጎ፣ ሸሚዙ ተጨማድዶ መጣ። ጉልበቴን ሳመ፤ ራሱን ደረቴ ላይ አስደግፎ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ሁመይራ ሻይ አምጥታ ከፊቱ አኖረችና ወደ ኩሽና ተመለሰች። እሱም አላያትም። በሁለቱ መካከል ያ ቢጫ ሕንፃ ከነክፍሎቹ ቆሟል።

«ዳግመኛ አትሄድም» አለኝ። «ሰው የሞተበት መንገድ ነው።»

«ሲራጅ።»

«አቤት።»

«ሚስትህ ከተመለሰች ጀምሮ ምን አየሽ ብለህ ጠይቀሃታል?»

ሻዩን አማሰለ። ስኳር የለበትም ሻዩ፣ ዝም ብሎ ያማስላል።

«መርማሪዋ ጠይቃታለች። እኔ ጠይቄያታለሁ። አንተ ማን ፈቀደልሽ ብቻ ነው ያልካት። እኔ ሴትዮ አርጅቻለሁ፤ ሁለተኛ ከእስር ቤት የማወጣህበት አቅም የለኝም። ቀናተኛን የሰማው ያን ያህል አያመውም፤ ያልሰማው ነው የሚበላው። ከሞተችውም ከታሠረችውም ያየሁት ይህን ነው።»

«እናቴ፣ ደክሞኛል።»

«ይድከምህ። ሻይህን ይዘህ ተነሥ። ኩሽና ግባ፣ ወንበር ሳብና ፊቷ ተቀመጥ። ከበሩ ጀምረሽ ንገሪኝ በላት። እስክትጨርስ ድረስ አፍህን እንዳትከፍት።»